የትንፋሽ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ለሕፃን ይገዛ ወይስ ይቅር?

(በአሽቀሎን ለወላጆችና ለአረጋውያን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ቤት ለቤት ስንዞር ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ደጋግመው ስለሚያነሡት ጥያቄ ነው። «ቤቢ ሴንስ እንግዛ ወይ?» ይላሉ። ቤቢ ሴንስ እዚሁ እስራኤል የተፈለሰፈ፣ ከሕፃኑ ፍራሽ ሥር የሚነጠፍ መሣሪያ ስም ነው። ስሙ በጣም ከመለመዱ የተነሣ ብዙ ሰው ማናቸውንም የትንፋሽ መቆጣጠሪያ በዚሁ ስም ይጠራዋል። አያቶች ደግሞ በበኩላቸው «እኛ ሰባትና ስምንት ልጅ ያሳደግነው በየትኛው መሣሪያ ነው?» ይላሉ። በዚህ የተነሣ ምራትና አማት ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት ስላለ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በመጀመሪያ የሚፈራው ነገር ምንድን ነው? በዕብራይስጥ «ማቬት ባአሪሳ» ይባላል። ጤነኛ የነበረ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ተኝቶ ሳለ በድንገት ሲሞትና ከተሟላ ምርመራ በኋላም ምክንያቱ ሳይገኝ ሲቀር የሚሰጠው ስም ነው። አብዛኛው የሚደርሰው ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው፣ በተለይም ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ነው። ቡዳ አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ ክትባትም አያመጣውም።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ወደ ንጉሥ ሰሎሞን የቀረቡትን ሁለት እናቶች ታስታውሳላችሁ። የአንደኛዋ ልጅ ሌሊት የሞተው እናቱ ስለተኛችበት እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ሕፃን ሌሊት ሲሞት እናትን መጠርጠር ይህን ያህል የቆየ ነገር ነው። በእኛም ዘንድ «ተኝታበት ነው» የሚለው ሹክሹክታ አንዲትን ሴት ዕድሜ ልኳን ሲከተላት ይኖራል። እንዲህ ያለ ኀዘን የደረሰባት እናት በዘመዶቻችሁ መካከል ካለች፣ እባካችሁ ይህን ቃል ከአፋችሁ አታውጡ። በየቤቱ የማያቸው፣ ሌሊት አሥር ጊዜ ተነሥተው የሕፃኑን አፍንጫ የሚዳስሱት ወጣት እናቶች ብዙዎቹ ያንን ሹክሹክታ ሰምተው ያደጉ ናቸው። መሣሪያውን ለመግዛት የሚቸኩሉትም እነርሱ ናቸው።

«አገር ቤት ይህ በሽታ አልነበረም» የሚሉም አሉ። ይህን መናገር አንችልም። በዚያን ጊዜ በየመንደሩ ሕፃን በብዙ ምክንያት ይሞት ነበር፤ የሞተበትን ምክንያት የሚመረምርም ሆነ የሚጽፍ አልነበረም። ነገር ግን አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ነበረ። ቤተ እስራኤል የወለደች ሴት በኦሪት ሕግ መሠረት ለወንድ ልጅ 40 ቀን፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን በመርገም ጎጆና በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር። ስለዚያ ሥርዓት ዛሬ ብዙ ይባላል፤ እኔ የማነሣው አንዱን ጎን ብቻ ነው። እናቲቱ ከሕፃኑ አትለይም፤ ምግቧን የሚያቀርቡላት ሌሎች ሴቶች ነበሩ። ከዚያም በኋላ ሕፃኑ ቀን በአንቀልባ ጀርባ ላይ፣ ሌሊት ከእናቱ ጎን ነው። ዛሬ በአሽቀሎን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አራስ፣ ባሏ የሌሊት ፈረቃ ሲሄድ ብቻዋን ናት። ታዲያ ይህች ሴት በመሣሪያው የአያትን ዓይን ልትገዛ ብትመኝ ያስገርማል?

ችግሩ መሣሪያው ያንን ዓይን የማይተካ መሆኑ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መሣሪያው ሕፃንን ከሞት ያድናል የሚለው እምነት የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 አልፍሬድ ስታይንሽናይደር የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጡ። በኒው ዮርክ ግዛት ከአንድ ቤት ተከታትለው የሞቱ ሁለት ሕፃናትን ጠቅሰው፣ ድንገተኛው ሞት በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ ለረጅም ጊዜ ከመቋረጥ የሚመጣ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከዚህ ተነሥቶ ትንፋሹን የሚጠብቅ መሣሪያ ቢኖር ሕፃኑ ይድናል ተባለ፤ ብዙ ሺህ ቤተሰብም በዚህ ተስፋ መሣሪያ ወደ ቤቱ አስገባ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ፖሊስ የእነዚያን ሕፃናት እናት መረመረ። ዋኔታ ሆይት የተባለችው ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1995 አምስት ልጆቿን በመግደል ጥፋተኛ ሆና ተፈረደባት። ሐሳቡ የቆመባቸው ሁለቱ ሕፃናት ከአምስቱ መካከል ነበሩ። ይህን የማነሣው እናቶች እንዲጠረጠሩ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ወንጀል እጅግ ጥቂት ነው። መሣሪያው ከመስፋፋቱ በፊት የተጣራ ማስረጃ እንዳልነበረ እንድታዩልኝ ነው።

ማስረጃው የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 1,079 ሕፃናትን በየቤታቸው በአጠቃላይ ከ700 ሺህ ሰዓት በላይ ተከታተለ። ከእነዚህ 445ቱ፣ ማለትም 41 ከመቶው፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ መሣሪያ የሚያስጮኽ የትንፋሽ መቋረጥ ወይም የልብ ምት መዘግየት ታየባቸው። በጊዜያቸው የተወለዱ፣ ምንም ሕመም የሌለባቸው ሕፃናትም በዚህ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ጩኸቱ ሊሞት ያለውን ሕፃን ከሌላው አይለይም። በ2003 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ድንገተኛ ሞትን ለመከላከል ተብሎ መሣሪያ እንዳይታዘዝ መከረ፤ በ2022 ባወጣው መመሪያም ይህንኑ ደገመ።

አሁን ወደ መሣሪያው ራሱ እንግባ። ከፍራሽ ሥር የሚነጠፈው ዓይነት ትንፋሽን አያይም። የሚሰማው የፍራሹን ንዝረት ነው። ለ20 ሰከንድ ንዝረት ሲያጣ ወይም ንዝረቱ በጣም ሲዘገይ ይጮኻል። ሕፃኑ ፊቱ በትራስ ተሸፍኖ አየር ቢያጣ፣ ደረቱ ለመተንፈስ እየታገለ ስለሚንቀሳቀስ መሣሪያው «ደኅና ነው» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ማራገቢያ ሲዞር ወይም አልጋው ከሚንቀጠቀጥ ዕቃ ጋር ሲነካካም እንዲሁ ይታለላል። ሕፃኑ ተንከባሎ ወደ አልጋው ጥግ ሲሄድ ደግሞ ያለ ምክንያት ይጮኻል። ከሁሉም በላይ ለእኛ ቤቶች ይህን ልብ በሉ፦ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር በአንድ አልጋ ከተኛ መሣሪያው የሚሰማው የእናቱንም ትንፋሽ ነው። አንዳንድ ቤት ስገባ ይህን ነው የማየው። መሣሪያው በብዙ መቶ ሸቀል ተገዝቷል፣ በትንሹ አልጋ ሥር በትክክል ተነጥፏል፣ ሕፃኑ ግን ሌሊቱን የሚያድረው በትልቁ አልጋ ነው።

ገመዱም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንጀልኬር የተባለው ኩባንያ ያወጣቸው 600 ሺህ ያህል መሣሪያዎች በአሜሪካ እንዲስተካከሉ ጥሪ ተደርጎ ነበር፤ ሁለት ሕፃናት ከፍራሹ ሥር የሚወጣውን ገመድ ስበው በአንገታቸው ተጠምጥሞ ሞተዋልና። ገመድ ያለው ማናቸውም ዕቃ ሕፃኑ እጁን ሰድዶ ከሚደርስበት መራቅ አለበት።

ሌላው ዓይነት በእግር እንደ ካልሲ የሚጠለቀው፣ የልብ ምትንና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በብርሃን የሚለካው ነው። ከአሜሪካ ዘመድ እየላከላቸው የሚጠቀሙበት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ሁለት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በ30 ሕፃናት ላይ ተፈተኑ። አንደኛው የኦክስጅን ማነስን አንዳንዴ ያገኛል፣ አንዳንዴ ይስታል፤ ሁለተኛው አንድም ጊዜ አላገኘም። ኦውሌት የተባለው ካልሲ በ2021 የአሜሪካ የመድኃኒትና የምግብ ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ ስለጻፈለት ከገበያ ወጥቶ፣ በ2023 አዲሱ ዓይነት ፈቃድ አግኝቷል። ፈቃዱ ግን ድንገተኛ ሞትን ይከላከላል የሚል አይደለም።

በዚህ ላይ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ጥቁር ቆዳ ላይ ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ በአዋቂ ሕሙማን ላይ መሣሪያው «ኦክስጅኑ ደኅና ነው» እያለ ሳለ በደም ምርመራ ግን ያነሰ ሆኖ የተገኘው ከጥቁሮች በ11.7 ከመቶው፣ ከነጮች በ3.6 ከመቶው ላይ ነበር። ስለዚህ የልጃችንን ደኅንነት በቁጥር ብቻ አንመን። መመሪያ ወረቀቶችም «ሕፃኑ ከገረጣ ወይም ከሰማየ» ይላሉ፤ ይህ የተጻፈው ነጭ ሕፃን ታስቦ ነው። በእኛ ልጆች ላይ መታየት ያለበት ከንፈሩ፣ ድዱና ምላሱ፣ የመዳፉና የእግሩ ውስጠኛ ክፍል ነው። ወደ አመድነት ወይም ወደ ጥቁር ሰማያዊነት ሲለወጥ እዚያ ይታያል።

ታዲያ ሞትን የቀነሰው ምንድን ነው? አተኛኘት ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በምዕራቡ ዓለም ብዙ ሐኪሞች ሕፃን በሆዱ እንዲተኛ ይመክሩ ነበር፤ በጊዜው ታዋቂ የነበሩት ዶክተር ስፖክም በመጽሐፋቸው ይህንኑ ጽፈዋል። ይህ ስሕተት ነበር። በሆላንድ ከ1987 ጀምሮ፣ በእንግሊዝ ከ1991፣ በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ «ሕፃኑን በጀርባው አስተኙት» የሚል ዘመቻ ሲካሄድ ሞቱ ከግማሽ በላይ ወረደ። በአሜሪካ በ1990 ከ100 ሺህ ሕፃናት 130 ያህሉ በዚህ ይሞቱ ነበር፤ በ2020 ወደ 38 ወርዷል። ከቅናሹ ከፊሉ የሞት ምክንያት አመዘጋገብ ስለተለወጠ ነው፤ ቢሆንም ትልቁን ሥራ የሠራው ማዞሩ ነው። ለዚህ ደግሞ አንድ ሸቀል አይከፈልም።

አያቶቻችን እዚህ ላይ የሚነግሩኝ ሥጋት አለ። «በጀርባው ተኝቶ ወተቱ ቢመለስ ትን ይለዋል» ይላሉ። እንዲህ አስቡት። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። የተመለሰው ወተት ወደ ታች፣ ወደ ምግብ ቧንቧው ይወርዳል። በሆዱ ሲተኛ ግን ይገለበጣል፤ ወተቱ ወደ አየር ቧንቧው አፍ ይፈሳል። በጎኑ ማስተኛትም አይመከርም፣ በቀላሉ ወደ ሆዱ ይገለበጣልና። ጭንቅላቱ እንዳይጠፈጠፍ የምትሠጉ፣ ነቅቶ እያያችሁት በሆዱ አስተኝታችሁ አጫውቱት፤ አንገቱም ይጠነክራል።

ቀሪውን ባጭሩ ልበል። ፍራሹ ጠንካራ ይሁን፤ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አይኑርበት። የምንወደው ጋቢም ቢሆን ከሚተኛው ሕፃን ላይ ይነሣ። አይሙቀው፤ ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳስሱ፣ ካላበው ልብስ ቀንሱለት። ማንም በቤት ውስጥ አያጭስ። ጡት ማጥባት ይከላከላል፤ ጡት ከለመደ በኋላ ሲተኛ ሞጼጽ መስጠትም እንዲሁ። አንቀልባ ላይ ሲሆን ፊቱ ይታይ፣ አገጩ ከደረቱ አይጣበቅ።

አብሮ መተኛትን በተመለከተ ጥቂት ልቆይበት፤ ምክንያቱም የጢፓት ሐላቭ ነርስ «ለብቻው አስተኚው» ስትል ብዙ እናት የምትሰማው «ልጅሽን ወደ ሌላ ክፍል አባሪው» የሚል ነው። እንዲህ አልተባለም። ቢያንስ እስከ 6 ወር ሕፃኑ በእናትና አባቱ ክፍል፣ ከአልጋቸው አጠገብ፣ ነገር ግን በራሱ አልጋ ይተኛ ነው ምክሩ። ከልጅ አለመራቅ የሚለው የአያቶቻችን ልማድ በዚህ በኩል ከሐኪሞቹ ምክር ጋር ይስማማል። የተለወጠው መኝታው ነው። የአገር ቤቱ መደብ ጠንካራ ነበር፤ የዛሬው ፍራሽ ይሰረጉዳል፣ ላዩ ላይ ወፍራም ልብስና ትራስ ተከምሯል። ከሁሉ የከፋው ሶፋ ነው። ሕፃን ታቅፎ ሶፋ ላይ እንቅልፍ መውሰድ ከአልጋው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሌሊት ስታጠቡ እንቅልፍ የሚያሸንፋችሁ ከሆነ ሶፋው ላይ አትቀመጡ። ያጨሰ፣ የጠጣ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደ ሰው ከሕፃን ጋር ፈጽሞ አይተኛ። ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

ስለ ከተማችን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። አሽቀሎን የጩኸት ከተማ ሆና ቆይታለች። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ በነበሩት ወራት ብዙ ቤተሰብ ሕፃኑን ይዞ በማማድ ውስጥ ያድር ነበር፤ ማማድ የሌላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ያሉት ደግሞ ወደ ደረጃና ወደ ሚክላት ይሮጡ ነበር። አዛካ ሲጮህ ያለን ጊዜ 30 ሰከንድ ነው፤ መሣሪያ ለመንቀል ጊዜ የለም፣ ሕፃኑን ብቻ አንሡ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን አስቀድመን እናስብ። የማማዱ በርና የብረት መስኮቱ ሲዘጋ ክፍሉ ቶሎ ይሞቃል፤ ልብሱን ቀንሱለት። በአንድ ፍራሽ ላይ ከታላላቆቹ መካከል አታስተኙት፤ በመካነ ሽሽት ጋሪ ወይም የመኪና ወንበር ላይ እንቅልፍ ከወሰደው፣ ጸጥ ሲል ወደ ጠፍጣፋ መኝታ መልሱት። አንዲት እናት ያለችኝን ላካፍላችሁ፦ በቀን ሦስት ጊዜ አዛካ እየሰማች ሌሊት ደግሞ የመሣሪያው የሐሰት ጩኸት ሲያስደነግጣት ወተቷ እስኪቀንስ ደረሰች፤ መሣሪያውን አጥፍታ ተኛች። እኔ አልፈረድኩባትም።

መሣሪያ የሚያስፈልገው ሕፃንም አለ። ያለ ጊዜው ተወልዶ በፓጊያ የቆየ፣ ትንፋሹ ለ20 ሰከንድና ከዚያ በላይ እየተቋረጠ የልብ ምቱ የሚወርድ፣ ወይም ኦክስጅን ይዞ ከሆስፒታል የወጣ ሕፃን ሐኪሙ መሣሪያ ሊያዝለት ይችላል። ያ የሕክምና መሣሪያ ነው፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይነቀልም። ጎረቤት «ከእኔ ልጅ ተርፏል» ብላ የምታውሰው ግን የዚህ ምትክ አይሆንም። በተረፈ ጤነኛ ሕፃን ሲተኛ ለ5 ወይም ለ10 ሰከንድ ትንፋሹን ገታ አድርጎ እንደገና ፈጠን ፈጠን ብሎ መተንፈሱ የተለመደ ነው።

እንግዲህ «ግዙ» ወይስ «አትግዙ»? የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ለጠንካራ ፍራሽና ለራሱ አልጋ አውሉት። ያ ሁሉ ተሟልቶ መሣሪያው እናቲቱን ካሳረፋት ትግዛ፤ ነገር ግን መሣሪያ አለ ብሎ በሆዱ ማስተኛት ወይም ትራስ መጨመር አይቻልም። ጭንቀቱ እንቅልፍ የሚነሣት እናት ደግሞ መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነው የሚያስፈልጋት፤ ለጢፓት ሐላቭ ነርስ ወይም ለኩፓት ሆሊም ሐኪሟ ትንገር። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀትና ድባቴ ሕክምና ያለው ነገር ነው። አማቶችም በሳምንት ሁለት ሌሊት «አንቺ ተኚ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» ብትሉ ውለታው ትልቅ ነው።

መሣሪያው ከጮኸስ? ወደ ሕፃኑ ሂዱ፤ መሣሪያውን በኋላ ታጠፉታላችሁ። ጥሩት፣ የእግሩን መርገጫ እሹት። ፈጽሞ አታርገፍግፉት፤ አንጎሉ ይጎዳል። ከተነፈሰና ከንፈሩ ደኅና ከሆነም ያው ነገር እንዳጋጠመ ለሐኪሙ ተናገሩ። ካልነቃና ካልተነፈሰ ጮኻችሁ ሰው ጥሩ፣ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም 101 ደውሉ፣ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ዕብራይስጥ የሚከብዳችሁ አያቶች ይህችን ያዙ፦ «ቲኖክ ሎ ኖሼም»፣ ማለት «ሕፃን አይተነፍስም»። ከዚያ አድራሻውን፤ የመንገዱን ስም፣ የቤት ቁጥሩንና ፎቁን። ይህን በትልቅ ፊደል ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። ሰንበት ከሆነም ደውሉ፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል።

ሕፃኑን ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው አስተኙ። በሁለት እጃችሁ ደረቱን አቅፋችሁ፣ ሁለቱን አውራ ጣቶች በደረቱ መካከል ከጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ፣ የደረቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል 30 ጊዜ ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ ተጫኑ። ከዚያ አፉንና አፍንጫውን በአፋችሁ ሸፍናችሁ 2 ትንንሽ ትንፋሽ ስጡ። አምቡላንስ እስኪደርስ ወይም ሕፃኑ እስኪተነፍስ ይህንኑ ደጋግሙ። በወሬ ግን አይለመድም። ጠረጴዛው ላይ ሦስት አሻንጉሊቶች አሉ፤ ወደዚህ ቀረብ በሉና አንድ በአንድ እንሞክር። አያቶች ይቅደሙ።